ዶሮው ከመገዛቱ በፊት፦ ከቡሄ እስከ መስቀል ቤት የማሰናዳት ነገር

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ያለው ሰው ደብረ ማርቆስ አልኖረም። እኛ ጋ ቡሄ አልፎ፣ ፍልሰታም ተፈትቶ፣ የጮቄ ተራራ ገና ደመናውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ይቀመጣል። ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ይወጣል። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ይጠቁራል። ከዚያ ወይ ዝናብ፣ ወይ በረዶ፣ ወይ ሁለቱም። እንግዲህ ጠላ የሚጠመቀው፣ ጤፍ የሚፈጨው፣ የልጆች ደብተር የሚገዛው፣ ዘመድ ከገጠር የሚገባው በዚህ መሀል ነው።

እኔ ለብዙ ዓመት በዓል የሚያደክመኝ ሥራው ስለበዛ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳየው ቅደም ተከተሉን ነው የማበላሸው። ብቅሉን በጳጉሜን አበቅላለሁ፣ ወፍጮ ቤት በዋዜማው እሰለፋለሁ። አሁን ከመስከረም 1 ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነው የምሠራው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ቀኑን አውጡ

ለ2017 እንቁጣጣሽ ባለቤቴ ጳጉሜን 3 ቀን ሁለት አውራ ዶሮ ይዞ ገባ። ደስ ብሎታል፣ በርካሽ ነው ያገኛቸው። አማቴ በር ላይ ቆመው ዶሮዎቹን አዩ፣ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ። «አንች ልጅ፣ እነዚህ ደግሞ ሊጦሙ ነው የመጡት?» አሉኝ። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ነበር። ከሁለታችን አንዳችንም አላሰብነውም። ዶሮዎቹ እስከ ሐሙስ ማድ ቤት ታስረው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እየጮሁ ሰፈሩን ሲቀሰቅሱ ሰነበቱ። አንደኛው ጭራሽ ገመዱን በጥሶ የሊጡ ክዳን ላይ ወጥቶ ተገኘ። ያ ሊጥ ተደፋ።

ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይ ዓርብ ቢውሉም ይበላባቸዋል። እንቁጣጣሽና መስቀል ግን እንደዚያ አይደሉም፣ ረቡዕና ዓርብ ከዋሉ ጾም ነው። ስለዚህ ቀኑን ማወቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ካላንደር ከሌላችሁ በእጅ ይወጣል። እኔን ያስተማሩኝ መሪጌታ የሆኑት አጎቴ ናቸው፣ የባሕረ ሐሳብ ሒሳብ ነው፣ የቅኔ አገር ሆነን ይህን አለማወቅ ነውር ነው እያሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምራላችሁ። ያገኛችሁትን ለ4 ታካፍላላችሁ፣ ቀሪውን ትታችሁ ድርሻውን መልሳችሁ ትደምራላችሁ። ጠቅላላውን ለ7 ታካፍሉና አሁን ቀሪውን ታያላችሁ። 1 ከቀረ መስከረም 1 ማክሰኞ ነው፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሁድ። ምንም ካልቀረ ሰኞ ነው።

በ2019 እንሞክረው። 2019 ላይ 5500 ሲደመር 7519 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879፣ 3 ይቀራል። 7519 እና 1879 ሲደመሩ 9398። ለ7 ሲካፈል 4 ይቀራል። ዓርብ። በቃ፣ የ2019 እንቁጣጣሽ የጾም ነው ማለት ነው። ያ መጀመሪያ የቀረው 3 ደግሞ ዘመኑ የሉቃስ መሆኑን ይነግራችኋል፣ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ ነው፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። በሉቃስ ዓመት መጨረሻ ላይ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች።

መስቀል ከእንቁጣጣሽ በ16ኛው ቀን ስለሆነ ሁልጊዜ በሳምንቱ ሁለት ቀን ወደፊት ሄዶ ነው የሚውለው። እንቁጣጣሽ ሰኞ ከሆነ መስቀል ረቡዕ፣ ጾም። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ከሆነ መስቀል ዓርብ፣ እንደ 2017ቱ ሁለቱም ጾም። እንቁጣጣሽ ዓርብ ከሆነ መስቀል እሁድ፣ እሰይ። በሌሎቹ ቀናት አትጨነቁ። እንግዲህ በ2019 ቅርጫ የምትገቡ ከሆነ ከጎረቤት ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩና ለመስቀል አድርጉት።

ከቡሄ ማግስት፦ ጣሪያ፣ ማገዶ፣ ወፍጮ

ጣሪያውን ቆርቆሮው ሲደርቅ ሳይሆን ሲዘንብ እዩት፣ የሚያፈሰው ያኔ ነው የሚታየው። ከሥር ቆማችሁ ቦታውን በከሰል ምልክት አድርጉበት፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ አንድ ሰው ወጥቶ ይድፈነው። እህል ያለበትን ክፍል አስቀድሙ። ሳሎኑ ባልዲ ይችላል።

ማገዶ ላይ ብዙ ሰው ይሞኛል። በነሐሴ የሚሸጥ እንጨት እርጥብ ነው፣ ነጋዴው ደረቅ ነው ብሎ ቢምልም። ቀደም ብላችሁ ገዝታችሁ ፍልጥ ፍልጡን ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ደርድሩት። ሁለት ሳምንት ጭስ ሲመታው ይደርቃል። እዚያው ጎን ለችቦ የሚሆን ቀጫጭን ጭራሮ አስቀምጡ። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ አንድ እስር፣ ለመስቀል አንድ እስር። በዋዜማው የሚገዛ ችቦ እኛ ጋ ጭስ እንጂ እሳት የለውም። ልጆቹ በርበሬ እንደታጠኑ ያስላሉ።

ወፍጮ ቤት ከነሐሴ 25 በፊት ሂዱ። ከዚያ በኋላ ሰልፉ ራሱ በዓል ነው። ጤፉን፣ ሽሮውን፣ የጠላውን ዳጉሳ በአንድ ቀን አስፈጩ። ዳጉሳውን ግን ከጤፉ በኋላ አድርጉት፣ ካልሆነ ነጭ ማኛችሁ ጠይም ሆኖ ይመጣል።

ብቅሉ

ጠላ የሚበላሸው በብቅል ነው። ብቅል ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ፀሐይ ደግሞ የለም። ስለዚህ ብልህ የሆነ ሰው ብቅሉን በግንቦት አብቅሎ፣ አድርቆ፣ ቋጥሮ ያስቀምጣል። እኔ አንድም ዓመት ብልህ ሆኜ አላውቅም። እንደ እኔ ለሆናችሁ እንዲህ ነው።

ነሐሴ 10 አካባቢ ገብሱን አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት። የተፈተገ ገብስ አይበቅልም፣ ሙሉ ቅርፊቱ ያለው ይሁን። ውኃውን አጥሩና በኮባ ቅጠል ጠቅልላችሁ፣ ኮባ ከሌለ በንጹሕ እርጥብ ጆንያ፣ ከላዩ ድንጋይ ጫኑበት። እዚህ ብርድ ስለሆነ አራት ቀን ይፈልጋል። ወደ ደጀን ቆላው ብትወርዱ ሦስት ቀን ይበቃዋል። ስትገልጡት ሥሩ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ምንጣፍ መሆን አለበት፣ ሽታውም እንደ እርጥብ ሣር።

አሁን ማድረቅ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሰፌድ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡት፣ ስትጠልቅ ወደ ማድ ቤት አስገብታችሁ ከምድጃው በላይ ስቀሉት። ክምር ሆኖ እንዳያድር። አንድ ዓመት እንግዳ መጥቶብኝ በዘንቢል እንዳለ አደረ፣ በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ። አጥቤ ልጠቀምበት ብዬ አስቤ ነበር፣ አልዋሽም። አማቴ ከእጄ ነጥቀው ደፉት። የሻገተ ብቅል አይታጠብም፣ ይጣላል።

ጠላው፣ ቀን በቀን

ልኩ በየቤቱ ይለያያል። እኔ በጣሳ ነው የምለካው፣ 1 ጣሳ ገሾ፣ 2 ጣሳ ብቅል፣ 6 ጣሳ የዳጉሳ ዱቄት። ዳጉሳ ላይ ትንሽ በቆሎ ብትቀላቅሉ አይከፋም። ጤፍ ግን ለጠላ አታባክኑ፣ የቢቸናና የደጀን ሰው ይታዘባችኋል።

ነሐሴ 23፣ ዕቃውን ማጠብ። እንስራ ወይም ጋን ከሆነ በግራዋ ቅጠል ሁለት ሦስት ጊዜ አሹት፣ አድርቁት፣ ከዚያ በወይራ ጭስ እጠኑት። ጭሱ ውስጡ ታፍኖ ይደር። የላስቲክ በርሜል ከሆነ መታጠን የለም፣ በግራዋ ብቻ ታጥቦ በፈላ ውኃ ይለቅለቅ። አደራ፣ በርሜሉ ከዚህ በፊት ምን እንደያዘ ሳታውቁ እንዳትገዙ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜል ስንት ጊዜ ቢታጠብ ለምግብ አይሆንም።

ነሐሴ 24፣ ጥንስሱ። የተወቀጠውን የገሾ ቅጠል በንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ክደኑት። ለሦስት ቀን አትነካኩት።

ነሐሴ 27፣ የብቅሉን ዱቄትና የተቆራረሰ ቂጣ ጨምሩ። ቂጣው በደንብ ጠቆር ብሎ ይጋገር፣ ቀለሙን የሚሰጠው እሱ ነው። ሁለት ቀን ቆይቶ ስትከፍቱት ፍጭጭ እያለ አረፋ ካወጣ በመልካም እየሄደ ነው። ዝም ካለ ቤቱ በርዶታል። እንስራውን ወደ ምድጃው አስጠጉት፣ ጋቢ አልብሱት። የሳቁብኝ ጎረቤቶች ነበሩ፣ ለጠላ ጋቢ ብለው። የእነሱ ጠላ ለበዓሉ አልደረሰም።

ነሐሴ 29፣ እንኩሮው። ይኸ ነው የወገብ ሥራ። የዳጉሳውን ዱቄት ውኃ እያርከፈከፋችሁ ፍርፍር እስኪል አሹት፣ ከዚያ በትልቅ ምጣድ አምሱት። እጅ እንዳያርፍ። መጀመሪያ እንፋሎት ይወጣል፣ ቀጥሎ የቆሎ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ቡና ቡና ማለት ሲጀምር ቶሎ አውርዱት፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ደቂቃ ከቆየ መራራ ነው። ሙሉ በሙሉ ይብረድ። ትኩሱን ከጨመራችሁ ጥንስሱን ትገድሉታላችሁ። ከበረደ በኋላ ከተከተከተው የገሾ እንጨት ጋር ወደ ጥንስሱ አስገቡና አማስሉት። ወፈር ያለ ገንፎ የመሰለ ድፍድፍ ይሆናል።

ጳጉሜን 2፣ ውኃውን ሙሉና ክደኑት። በሦስተኛው ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ ጥሩ ጠላ ነው። ከላይ አንድ ጋት ያህል ባዶ ተዉለት፣ ይነሳል። ጀሪካን የምትጠቀሙ ደግሞ ክዳኑን ጥብቅ አታድርጉት። እኛ ቤት አንድ ሌሊት ጥይት የተተኮሰ መስሎን ሁላችንም ተነሣን፣ ባለቤቴ ዱላውን ይዞ ወጣ፣ የጀሪካኑ ክዳን ነበር፣ ጣሪያው ላይ ያለው ነጠብጣብ እስካሁን አለ።

ለልጆች ብርዝ አድርጉ። ማርና ውኃ ነው፣ ሌላ የለውም፣ በዋዜማው በጥብጣችሁ አሳድሩት።

ብሩ

ይህን አጭር ላድርገው፣ ራሱ ያበሽቃል። ትምህርት ቤትና በዓል በአንድ ወር ነው የሚመጡት። ደብተርና ዩኒፎርም ከነሐሴ 20 በፊት ግዙ፣ የበዓሉን ብር ሳትነኩ። አንድ ጊዜ እኛ ቅቤና ዶሮ ገዝተን ከጨረስን በኋላ ነው ትምህርት ቤቱ ያልነገረንን ክፍያ ይዞ የመጣው። በመስከረም 3 ብድር ጠየቅን። ከዚያ ወዲህ ነሐሴ ላይ ሄጄ «ሌላ የቀረ ክፍያ አለ?» ብዬ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ። ቅቤውንም ከጳጉሜን በፊት ባለው የቅዳሜ ገበያ ገዝታችሁ አንጥሩት። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ትንሽ እርድ። የተነጠረ ቅቤ ቶሎ አይበላሽም፣ ጳጉሜን ላይ የሚገዛ ቅቤ ግን ኪስ ያበላሻል።

ጳጉሜን

ጳጉሜን 1 ሊጡን አቡኩ። በዚህ ብርድ በአራተኛው ቀን ካልሆነ አይደርስም። ጳጉሜን 4 ጠዋት አብሲቱን አፍልታችሁ መልሱ፣ ሲነሳ ጋግሩ። ለምን ዋዜማው ድረስ አልቆየሁም መሰላችሁ? በዋዜማው ከተማው ሁሉ ምጣድ ይሰካል፣ መብራቱም ይሄዳል። የኔ ምጣድ አሥራ አምስተኛው እንጀራ ላይ ነው አንድ ዓመት ቀጥ ያለው። ጎረቤት የእንጨት ምጣድ ያላቸው እናት ባይኖሩ ኖሮ በገዛሁት ዳቦ ነበር የምውለው።

ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው። ዝናብ ከዘነበ ልጆቹ ወጥተው ይታጠባሉ፣ አትከልክሏቸው፣ እኛም ታጥበን ነው ያደግነው። ግን ምድጃው ነዶ፣ ደረቅ ልብስ ተዘጋጅቶ፣ የሞቀ አጃ ሾርባ ቀርቦ ይጠብቃቸው። ሩብ ሰዓት ይበቃል።

የገጠር ዘመድ የምትጠብቁ ከሆነ ወንዝ እንዳለ አስቡ። ክረምቱን በሙላት የተለያየ ሰው ነው አሁን የሚገናኘው፣ ትንሽ ጎደለ ሲል እየተሻገረ። ስለዚህ በቀጠሮው ቀን ላይመጣ ይችላል፣ ሳይታሰብም ሊገባ ይችላል። በሩ አጠገብ ጆንያ ለጭቃው፣ በገንዳ ሙቅ ውኃ ለእግር፣ አንድ ትርፍ ደረቅ ጋቢ። ለእንግዳው ከምግቡ በፊት ይኸ ይቀድማል። የአማቴ ወንድም፣ አያ እንላቸዋለን፣ ከስናን በእግር መጥተው እግራቸውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲያስገቡ ዓይናቸውን ጨፍነው ለረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ። ያኔ ማንም አያናግራቸውም። ሲገልጡ ነው «እንዴት ከረማችሁ» የሚባለው። ያመጡትን የበቆሎ እሸት ልጆቹ ያን ጊዜ ጠብሰው ጨርሰዋል።

ዕለቱ ጾም ከሆነ

ሰው ይከፋዋል፣ እኔም ይከፋኛል፣ ግን ማዕዱ ባዶ መሆን የለበትም። ሽንብራ ዓሣ ሥሩ። የሽንብራ ዱቄት በትንሽ ዘይት፣ ጨውና ውኃ ጠንከር አድርጋችሁ ታሻላችሁ። ትዳምጡና በዓሣ ቅርጽ ትቆርጣላችሁ፣ ይኸን ለልጆቹ ተዉላቸው፣ ዓሣው ላም ቢመስልም ግድ የለም። በዘይት ይጠበሳል። ለብቻው ቀይ ሽንኩርትና በርበሬ በደንብ ቁሌት አብስላችሁ፣ ሲደርስ ዓሣውን ጨምራችሁ አሥር ደቂቃ ታንተክትካላችሁ። እውነተኛው የጣና ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ግን እኔን አትጠይቁ፣ እኛ ቤት ራሱ ሁለት ወገን ነን። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ለ2019 ዶሮውን ዓርብ ማታ አርዳችሁ፣ ቁሌቱን አብስላችሁ አሳድሩና ቅዳሜ ጠዋት ጨርሱት። ያደረ ቁሌት ከትኩሱ ይሻላል። ቄጠማውን ደግሞ ከመጎዝጎዛችሁ በፊት አራግፉት፣ በዝናብ የታጨደ ስለሆነ ጭቃና ቀንድ አውጣ ይዞ ይገባል።

እስከ መስቀል

አሥራ ስድስት ቀን አለ፣ ግማሹ እረፍት ነው። ጠላው ሲያልቅ ድፍድፉ ላይ ትንሽ ውኃ ጨምሩና ቅራሪ ይወጣዋል፣ ለሳምንት ይጠጣል። አተላውን ላም ላለው ጎረቤት ስጡ፣ ወተት ሆኖ ይመለሳል። ለመስቀል ሌላ ጠላ የምትሉ ከሆነ ግን መስከረም 4 መጠንሰስ አለባችሁ።

ያን ቆጥ ላይ የቀረውን ሁለተኛ የችቦ እስር አውርዱና ደህና መሆኑን እዩት። አደይ አበባው በዋዜማው ጠዋት ይቀጠፍ፣ ቀድሞ የተቀጠፈ ይጠወልጋል። ደመራው መቼ እንደሚለኮስ የየደብሩ ልማድ ይለያያል፣ በዋዜማው ማታ የሚለኩስ አለ፣ በዕለቱ ማለዳ የሚለኩስ አለ፣ አዲስ ሰፈር ከገባችሁ ጠይቁ። እኛ አንድ ዓመት ነጠላችንን አሳምረን ስንደርስ አመዱ ብቻ ነበር። ቢሆንም ልጆቹ ከአመዱ ግንባራቸውን ተቀብተው ተመለሱ።

ከመስቀል በኋላ ጮቄ ይገለጣል። ጋኑን በግራዋ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ድፉት። ሰፌዱንም አውጡት፣ ያ በነሐሴ የለመናችሁት ፀሐይ አሁን ጠዋትም ከሰዓትም አለ፣ ገብስ ዘፍዝፉና የገናውን ብቅል አብቅሉ።